አልፈታ ያለው ዳዶ

ይህ የደረሰብን አምና ኅዳር ውስጥ፣ ፍኖተ ሰላም በምንኖርበት ግቢ ነው። የባለቤቴ ክንድ ድኗል፣ መኪናዋም ትሄዳለች። ያኔ ያገኘናቸውን አንድ ሰው ባሰብኩ ቁጥር ግን ምስጋናና ጭንቀት ይቀላቀሉብኛል። ብጽፈው ይቀለኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ ደሳለኝ በአንዲት አሮጌ የቤት መኪና ወደ ቡሬና ወደ ጅጋ ሰው ያመላልሳል። ያን ሰሞን ከቡሬ ሲመለስ የፊት ግራው ሞላ ተሰበረ። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ መኪናውን የሚሸከመው ጥምዝምዝ ብረት ማለቴ ነው። መኪናዋ በአንድ ጎኗ ዘምማ፣ ጎማዋ ከአካሏ ጋር እየተፋጨ እንደምንም ግቢ ደረሰች።

የምናምነው መካኒክ መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ ሥራ ቀዝቅዞበት ጋራዡን ዘግቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ነበር። ደሳለኝ ቡሬ ላይ ከአንድ ከተበታተነች መኪና የወጡ ሞላዎች አገኘና «እኔው ራሴ እቀይረዋለሁ» አለ።

«ትችለዋለህ?» አልኩት።

«ሲሠራ ስንቴ አይቻለሁ» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ ድንጋይ ደግፎላት፣ ጎማውን አወለቀ። ሞላው የሚቀመጠው ሾክ የሚሉት ረጅም ብረት ላይ ተጠምጥሞ ነው። ሾኩን ከታች የያዙት የብሎን ዳዶዎች ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሆነዋል። ከዋዜማው ጀምሮ ናፍጣ ቢያፈስባቸውም ምንም አልመሰላቸውም። የመፍቻው እጀታ ላይ የብረት ቱቦ ሰክቶ ቆመበት። መፍቻው እየሾለከ የጣቱን ቆዳ ላጠው። በኋላ አንዱ ሲጥ ብሎ ለቀቀ፣ ሌላውም ተከተለ። ሾኩን ከነሞላው አውጥተን መሬት ላይ ስናጋድመው ከባዱ ያለፈ መስሎን ደስ አለን።

ከባዱ ገና ነበር። ሞላው ታምቆ የተያዘው በሾኩ አናት ላይ ባለች አንዲት ዳዶ ነው። እሷ ከመፈታቷ በፊት ሞላውን በመጭመቂያ ማሰር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ተፈናጥሮ ሰው ይጎዳል። ደሳለኝ ይህን ያውቃል። ከአንድ ሾፌር ጓደኛው መጭመቂያ ተውሶ በግራና በቀኝ በመንጠቆ አሰረው። ዳዶዋ ግን አልፈታ አለች። እሱ ሲያዞራት መሐል ያለው ዘንግ አብሯት ይዞራል።

«ነይ እስቲ ያዥልኝ» አለኝ።

አናቱ ላይ አጎንብሼ ዘንጉን በፒንሳ ያዝኩ። እሱ ይታገላል፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ እይዛለሁ። የዳዶዋ ጠርዝ እየተበላ ሄዶ መፍቻው ይንሸራተት ጀመር። እሱም እየተናደደ ነበር።

ያን ዕለት ከሰፈራችን ጀርባ የሚኖሩ ወይዘሮ አንጓች የሚባሉ እናት ማረፋቸውን የእድር ለፋፊ ሲናገር ሰምተናል። ጎረቤቱ ሁሉ ወደዚያው ሄዷል፣ መንደሩ ጭር ብሏል። እኔም ይህን እንደጨረስን ለቀብሩ ለመድረስ አስቤ ነበር።

በዚህ መሐል የግቢው በር ተንኳኳ። ፒንሳውን አስቀምጬ ሄድኩ። ጋቢ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ፣ እስከ ጉልበታቸው አቧራ የሆኑ ጎልማሳ ገበሬ ቆመዋል።

«እንዴት ዋላችሁ? የወይዘሮ አንጓች ቤት በየት በኩል ይሆን?» አሉኝ።

ከበሩ ወጥቼ «ወፍጮ ቤቱን ሲያልፉ በቀኝ ይታጠፉ፣ ድንኳኑ ይታየዎታል» እያልኩ በእጄ ሳሳያቸው፣ ከኋላዬ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ደሳለኝ እስክመለስ አልጠበቀም። ዳዶዋ ላይ ሹል ብረት ደግኖ ሊሰነጥቃት ይመታ ነበር። ወዲያው ግቢውን ያናወጠ ጩኸት ሆነ። የብረት እንጂ የሰው ድምፅ አልነበረም።

ዘወር ስል አንደኛው መንጠቆ ለቅቋል። ሞላው የማዕድ ቤቱን ቆርቆሮ ቀዶ ገብቷል። ደሳለኝ በጀርባው ወድቋል። ቀኝ ክንዱ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፎ አጥንቱ ይታያል፣ ደሙ ይወርዳል። እኔ ትንሽ ቀደም ብዬ አጎንብሼበት የነበረው ቦታ ላይ የሾኩ አናት ክዳን ተሰክቶ ቆሟል።

እንግዳው ሰው በአጠገቤ አልፈው ሮጡ። ከጋቢያቸው ጫፍ በጥርሳቸው ቀደው ክንዱን ከላይ በኩል አጥብቀው አሰሩት። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰብረው ድጋፍ አደረጉለትና በቀረው ጋቢ ጠቀለሉት። ከዚያ እንዳስነሳው ነገሩኝና በጀርባቸው አዘሉት።

«አንቺ ክንዱን ብቻ ያዥ፣ እንዳይወዛወዝ» አሉኝ።

ያን ቀን መንገድ ተዘግቶ ባጃጅ አይንቀሳቀስም ነበር። እስከ አስፋልቱ ተሸክመውት ወጡ። በርበሬ የጫነ ጋሪ ሲያልፍ ከፊቱ ቆመው «ወንድሜ፣ ጆንያህን አውርድና ይህን ሰው አድርስልን» አሉት። ባለጋሪው ደሙን ሲያይ ጭነቱን ዳር ላይ አወረደ።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሶቹ ደሳለኝን ይዘውት ገቡ። ጓንትና ፋሻ፣ የሕመም ማስታገሻም ከውጭ እንድንገዛ ተነገረን። እኔ ደሳለኝ ከገባበት በር አልራቅኩም። እየወጡ የሚገዙት፣ እየገቡ የሚያቀብሉት እሳቸው ነበሩ።

«አባቴ፣ ለቅሶው እንዳያመልጥዎት ይሂዱ» አልኳቸው።

«ብቻሽንማ እንዴት ትቼሽ እሄዳለሁ?» አሉ። ደግሜ ይሂዱ አላልኩም። በእውነት ለመናገር፣ እንዳይሄዱ ፈርቼ ነበር።

አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ሳለ ከሩቅ የለቅሶ ድምፅ ተሰማ። ሬሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ነው። ሰውዬው ብድግ አሉ። ፊታቸውን ድምፁ ወዳለበት አዙረው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ እስኪርቅ ድረስ ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ይዛመዱ ኖሯል?» አልኳቸው።

«እህቴ ናት» አሉ። «ታናሼ ናት። ትናንት ሲመሽ ነው የተላከብኝ። መኪና ስለሌለ ከጅጋ ማዶ በእግሬ ስመጣ ነው ያገኘሁሽ። እዚህ ሰፈር ከገባች ወዲህ መጥቼ ስለማላውቅ ቤቱ ጠፍቶኝ ነበር።»

ደሳለኝ ከቀዶ ጥገና ወጥቶ ዓይኑን ሲገልጥ ካዩ በኋላ ነው ተነሥተው የሄዱት። ስማቸው አያ ቢያድግልኝ እንደሆነ የነገሩኝ በር ላይ ደርሰው ነው።

በሣልስቱ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። አያ ቢያድግልኝ ከድንኳኑ ዳር፣ ከሰው ሁሉ ፈንጠር ብለው ተቀምጠዋል። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ያንሾካሹካሉ። «እህቱን ሳይቀብር የቀረ ወንድም» ይላሉ። የሟቿ ልጅ አስማረ አጎቱን አያያቸውም። ለምን እንደዘገዩ ሲጠየቁ የሰጡት መልስ «መንገድ አቆየኝ» የምትል ብቻ እንደነበረች ከሴቶቹ ሰማሁ።

መታገስ አልቻልኩም። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። ስጨርስ አስማረ እኔን ሳይሆን መሬቱን እያየ ተናገረ።

«ሬሳውን ከደጀ ሰላሙ አቁመን ጠብቀናቸው ነበር። እናቴ እስከ መጨረሻው ቢያድግልኝን ጥሩልኝ ስትል ነው ያለፈችው። ሰዓቱ ሲሄድ ቄሶቹ ከዚህ በላይ አይሆንም አሉን።»

ከዚያ ሄዶ አጎቱን በእጃቸው ይዞ አመጣና አጠገቡ አስቀመጣቸው። ሁለቱም ያለቅሱ ነበር።

ስወጣ አያ ቢያድግልኝ እስከ በሩ ሸኙኝ።

«ምነው ልጄ፣ ዝም ብትዪ ኖሮ?» አሉኝ።

«ያላግባብ ሲያዝኑብዎት እንዴት ዝም ልበል?»

«በኔማ ቢያዝን አጎቱ ነኝ፣ ውሎ አድሮ ይታረቀኛል። ከእናንተ ጋር ግን የሚኖረው አንድ ሰፈር ነው። አሁን ሐዘኑን ወደ እናንተ አዞርሽው።»

እንዳሉትም ሆነ። አስማረ መንገድ ላይ ሲያገኘን አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ይሰጠናል፣ ቆሞ ግን አያነጋግረንም። አልፈርድበትም። መኪናዋን ቡሬ ጋራዥ አስገብተን አሠራናት። ከቤታችን አልፎ የሚሄድ ሁሉ ስትነሣ ድምፅዋን ይሰማል፣ እሱም ይሰማል።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አያ ቢያድግልኝን ልንጠይቃቸው ከጅጋ ማዶ ወዳለው ቤታቸው ሄድን። ደሳለኝ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲጀምር «እስቲ ክንድህን አሳየኝ» ብለው አቋረጡት። ክንዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው አጠፉት፣ ዘረጉት። እስከ መጨረሻው አይዘረጋም። «ለሥራ ይበቃል» አሉና ለቀቁት። የእህታቸውን ስም አላነሡም።

በድንኳኑ ውስጥ በመናገሬ አልጸጸትም፤ ዛሬም ቢሆን ዝም አልልም። ግን እፎይታ አላገኘሁበትም። ባሌ እንዲተርፍ ብለው፣ ስትጠራቸው ላለፈች እህታቸው አንድ እፍኝ አፈር ሳያለብሱ ቀሩ። እግዜር ይስጥልኝ ብያቸዋለሁ፣ ደግሜም ብያቸዋለሁ። ቃሉ ግን ከአፌ በወጣ ቁጥር ያንስብኛል።