ሚዜው በደረት ኪሱ የቀዳው

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ሰው ስልክ ላይ ዘፈን የምጭንባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። እንጀራዬ ናት። ልቤ ያለው ግን ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ያደጉ የኛ ልጆች ባቋቋሙት የሮክ ባንድ ላይ ነው። ዛሬ ከዶካ እስከ መተማ ሰርግ ላይ ጊታር የሚያስጮህ ሁሉ ከእነሱ ነው የተማረው። ስቱዲዮ የሚባል ነገር ገብተው አያውቁም። ጄኔሬተር አስነስተው በየሰርጉ ተጫወቱ፣ ሰው በስልኩ ቀዳ፣ ኸላስ፣ በቃ። የሱዳኑ ጦርነት ሲመጣ የትም ተበታተኑ። የቀረው ቅጂው ብቻ ነው፤ እሱንም አንድ ሳላስቀር ለቃቅሜ በየሰርጉ ለይቼ አስቀምጬዋለሁ። ኔትወርክ ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ እንኳ ሰው የእነሱን ሊያስጭን ይመጣ ነበር።

ሰው የሚወደው ታዲያ የጠራውን ነው። እልልታውን፣ ፉጨቱን፣ «እሰይ!» ባዩን ቆርጬ አወጣና ዘፈኑን ብቻ እሰጣለሁ። አንዱ ቅጂ ግን አልጠራም ብሎ እምቢ አለኝ። ዶካ በተደገሰ ሰርግ ሚዜው ስልኩን ደረት ኪሱ ከቶ የቀዳው ነው። ጊታሩ እንደዚያ ቀን አምሮለት አያውቅም። ምን ዋጋ አለው፣ አንድ ሰውዬ ሚዜው አጠገብ ቆሞ አብሮ እየዘፈነ ይጮኽበታል! ዜማ አያውቅ፣ ምት አያውቅ፤ ምናለ ትንሽ ጆሮ ቢኖረው! ስንቴ ረገምኩት። ያልጣልኩት ስብስቡ እንዳይጎድልብኝ ብዬ ነው እንጂ የሚፈልገው ሰው አልነበረም።

ባለፈው የሰሊጥ አጨዳ ሲያልቅ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት መጣች።

«ወንድሜ፣ እኔ የተዳርኩት ዶካ ነው። እነዚያ ባለጊታሮች ነበሩ የተጫወቱልን። የተቀዳው አንተ ጋ አለ አሉኝ።»

«አለ እንጂ! የዚያው ሰርግ፣ በሌላ ስልክ የተቀዳ፣ ጥርት ያለ» አልኩና ከፈትኩላት።

ጥቂት ሰማችና ራሷን ነቀነቀች።

«እሱ የለበትም።»

«ማን?»

«ባለቤቴ። ፋሽጋ እርሻ ለአጨዳ ወርዶ ወባ ጣለው፣ እዚያው ቀበሩት። ፎቶውስ አለኝ። የጠፋብኝ ድምፁ ነው። ላስታውሰው ስታገል የሌላ ሰው ድምፅ ይመጣብኛል። ኧረ በማርያም፣ አንዲት ቃል እንኳ ብትሆን ፈልግልኝ።»

ያ ጩኸታም ትዝ ሲለኝ ክው አልኩ። ከሚዜ ጎን የሚቆም ሌላ ማን አለ፣ ሙሽራው ኖሯል! የተበላሸውን ቅጂ ከፈትኩና ድምፅ ማጉያውን ወደ እሷ አዞርኩት። ገና ጊታሩ ሲነሳ ሰውዬው ጮኸ።

«ውይ፣ እሱ ነው! እሱ ነው!» አለች። ሳቀች፣ ወዲያው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያን ያህል ዓመት የረገምኩት ሰው አሳዘነኝ።

ዘፈኑ መሃል ላይ ጩኸቱ ይቆማል። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ እፎይ ብዬ ጊታሩን ብቻ ነበር የማዳምጠው። ለካ ሰውዬው ዝም አላለም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለአንድ ሰው ያወራል።

«ደከመሽ እንዴ? ቁጭ በይ እንጂ፣ እኔ እጨፍርልሻለሁ።»

ሴትዮዋ ድምፅ ማጉያውን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ አለች።

«አልደከመኝም» አለችው።