ላቫር ከወንበሩ ያልወጣበት ከሰዓት

ባሌ ላቫር ወሬ ሲከብደው ብድግ ብሎ የሚወጣ ሰው ነው። ስለ ልጆቻችን ላነሳ ስል ውሻው ውጭ መውጣት ይፈልጋል። ስለ ሐኪም ካነሳሁ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ የረሳው ነገር ትዝ ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ሲበይድ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ እፎይ፣ አሁን እንኳ ቁጭ ብለን እናወራለን ብዬ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ አንድ አሮጌ ፒካፕ እየጎተተ መጣ።

ከከተማችን ከዌንዶቨር ወጣ ብሎ ባለው የጨው ሜዳ ላይ፣ በየነሐሴው በሚደረገው የፍጥነት ውድድር ሊያበረው ነው። ዌንዶቨር የሚኖር ወንድ ሁሉ ነሐሴ ሲቃረብ እንዲህ ያደርገዋል። ሞተሩን ቶሎ ጨረሰ፤ ዘመኑን የፈጀበት መኪናው ቢገለበጥ እንዳይጨፈልቀው ሹፌሩን ዙሪያውን የሚከበው የብረት ቀፎ ነው። ቱቦላሬ ይቆርጣል፣ ያጎብጣል፣ ይበይዳል፤ አለቀ ካለ በኋላ አንድ ማገር ይጨምራል።

"ላቫር፣ መኪና ነው የምትሠራው እስር ቤት?" እለዋለሁ።

"እስር ቤት ቢሆን መጀመሪያ አንቺን አስገባ ነበር" ይለኛል።

እኔን ያስጨነቀኝ የቀኝ ጉልበቱ ነው። በደንብ አይታጠፍም። ጨው ሜዳው ላይ ደግሞ ማንም ከመንዳቱ በፊት እሳት የሚከላከለውን ወፍራም ልብስ ለብሶ፣ ሄልሜት አድርጎ፣ በቀበቶ ታስሮ፣ ተቆጣጣሪው እያየው ማንም ሳይነካው ፈጥኖ መውጣት አለበት። ካልቻለ አይነዳም። መኪናው ቢቃጠል ማን ይደርስለታል? ይህን ባነሳሁ ቁጥር ያ ውሻ መውጣት ያምረዋል።

ባለፈው ረቡዕ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ብርድ ልብስ ስንሰፋ ውለን ስመለስ ጋራዡ ጭጭ ብሏል። ገባሁ። ላቫር ወንበሩ ላይ ነው፤ ከነልብሱ፣ ከነሄልሜቱ፣ ላብ በላብ ሆኗል።

"ደህና ዋልሽ?" አለኝ።

"ደህና። አንተስ?"

"ትንሽ ተይዣለሁ።"

ቀበቶውን ፈትቷል፤ ጉልበቱ ግን በወንበሩ ጠርዝና መጨረሻ በጨመራት ማገር መካከል ተቀርቅሯል። ማገሯን ሲለካ የለበሰው ስስ የሥራ ሱሪውን ነበር። የእሳቱ ልብስ ያንን ሁሉ ድርብርብ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ የጉልበቱ ቦታ ጠፋ። ከምሳ በፊት ጀምሮ እዚያው ነው።

በሌላው በር እጄን ሰድጄ እግሩን ወደ ኋላ ብገፋው እንደሚላቀቅ አይቻለሁ። አልገፋሁም። ባልዲ ገልብጬ ፊት ለፊቱ ቁጭ አልኩ።

"ኔድራ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"እያወራሁህ። ዛሬ የት ትሄዳለህ?"

ሳቀ፤ ሳቁ ወዲያው አለቀ። "ለምንድን ነው ይህን ሁሉ ብረት የምትከምረው?" አልኩት። ውሻውን በዓይኑ ፈለገ። እኔም ከባልዲው አልተነሳሁም። ቢቸግረው ስለ ታናሽ ወንድሙ ስለ ሩሎን ጀመረ። ሩሎን ጨው ሜዳው ላይ ተገልብጦ እንደሞተ አውቃለሁ፤ ማን የማያውቅ አለ።

"ጣሪያው ነው የወረደበት" አለ። "በወንበሩና በጣሪያው መካከል አንዲት ማገር ነበረች የምትቀረው። ትቅር፣ ክብደት አንጨምር አልኩት። ቀፎውን የበየድኩት እኔ ነኝ።"

ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው ተኝቼ አልሰማሁም። ተናደድኩ፤ አዘንኩለትም። አስቀድሜ ያሰብኩትን ግን ተናገርኩ። "እግርህን ልፍታልህ። ከዚያ እንደገና ታስረህ ብቻህን ውጣ። ከወጣህ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ካቃተህ ይህ ነገር ከግቢዬ ይውጣ።"

"ይሁን" አለ።

እግሩን ገፋሁለት። ራሱን አሰረ፣ ፈታ። ትከሻው ወጣ፣ ወገቡ ወጣ። ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ታገለ። ሄልሜቱ ውስጥ ትንፋሹ ያፏጫል። እጄ ሳላዘው ተዘርግቶ አገኘሁት፣ መለስኩት። ከዚያ ላቫር መታገሉን ተወና ቀና ብሎ አየኝ።

"ጎትቺኝ" አለኝ።

በብብቱ ይዤ ጎተትኩት፤ ሁለታችንም ሲሚንቶው ላይ ተዘረገፍን። ሄልሜቱን አወለቅሁለት። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ "ማገሯን ብትቆርጣትስ?" አልኩት።

"እሷንማ አልቆርጥም።"

"እሺ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ብንገፋው? ትንሽ ብናጠበው? ነገ ልለካልህ እኮ እችላለሁ።"

ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ራሱን ነቀነቀ። "ወንበሩ ምንም አልሆነም፣ ኔድራ። እኔ ነኝ።"

ልረታው ፈልጌ ነበር፤ ረታሁት። የእሳቱን ልብስ ላወልቅለት ተንበረከክሁ፤ ዚፑን ሳልከፍት ግን አጠገቡ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ።