ሽማግሌዎቹ ገመድ የፈቱበት እሑድ

በጅማ ቦሳ አዲስ ሰፈር የሰው ዕቃ የማይጣልበት ቤት ካለ የወይዘሮ ውቢት ቤት ነው። ባለቤታቸው አቶ ዓለምብርሃን ካረፉ ወዲህ የጓሮ ክፍሎችን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እያከራዩ አንድ ልጃቸውን ናርዲን አስተማሩ። ተማሪ ተመርቆ ሲሄድ ፍራሹን ይሸጣል፣ ቻርጀሩን ይረሳል። ወይዘሮ ውቢትም «ነገ ተመልሶ ቢጠይቀኝ ምን እለዋለሁ?» እያሉ ሁሉንም የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ይከቱታል። የቴፕ ገመድ፣ የዴክ ገመድ፣ የካውያ ገመድ፣ አፉ የቀጠነ ቻርጀር፣ አፉ የወፈረ ቻርጀር። አንዱ ካርቶን ሞልቶ ሁለተኛ ተጨመረ። ተመልሶ የጠየቀ ተማሪ ግን አላየሁም።

የዚያ ካርቶን ነገር የመጣው በ2003 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ነው።

ዮኤል የሚባል የአሰንዳቦ ልጅ ናርዲን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። ወግ ነውና መጀመሪያ ሲመጡ «ዘመድ እናማክር» ተባሉ። ሁለተኛም ሲመጡ እንደዚያው። እስከዚህ ድረስ ያስከብራል። በሦስተኛው ግን «እናማክር» ማለት እምቢታ ነው፤ ሽማግሌም ያንን ደጅ ዳግመኛ አይረግጥም። እኔ ጎረቤት ስለሆንኩ በሴቷ ወገን ነበርኩ።

ችግሩ፣ የምናማክረው ዘመድ አልተገኘም። የአባቷ ታላቅ ወንድም አቶ ጎሳዬ ቡና ገዢ ናቸው፤ በለቀማ ወራት ዛሬ ገራ ቢሆኑ ነገ ሊሙ ናቸው። አባት በሌለበት ያለ እሳቸው ቃል ልጅ አትዳርም። የስልክ ቁጥራቸው ያለው በሟቹ ስልክ ላይ ብቻ ነው። ሲም ካርዱን አውጥተን በናርዲ ስልክ ብንከተው ቁጥሩ የለም፤ ለካ የተመዘገበው በቀፎው ላይ ነው። የቀፎው ቻርጀር መግቢያ ደግሞ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ገበያውን ዞረን የሚገጥመው ያጣንለት ዓይነት።

ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ በሚመጡበት እሑድ ጠዋት ናርዲ ሁለቱንም ካርቶን ሳሎን ምንጣፍ ላይ ገለበጠችው።

«እማዬ፣ ይሄ ቻርጀር ነው የእባብ ጉድጓድ?»

«ምላስሽን ትተሽ ፍቺ!»

አንዱን ሲስቡት ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይነሳል። ናርዲ ተናዳ መቀስ አመጣች፤ እናቷ ቀሟት። እንዲህ ስንታገል በሩ ተንኳኳ። ከአሰንዳቦ መኪና ቶሎ ስላገኙ ሽማግሌዎቹ ከቀጠሮው ቀድመው ደረሱ! ሦስቱም ጋቢያቸውን እንደለበሱ በሩ ላይ ቆመው ምንጣፉን አዩ። አፈ ጉባኤያቸው ኦቦ ቱሉ ናቸው።

«ማሎ፣ እባክዎ ወይዘሮ ውቢት! መብራት ኃይል ወደዚህ ተዛወረ እንዴ?»

ወይዘሮ ውቢት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ። እኔ ግን መደበቅ ለሁለቱም ወገን ክብር እንዳልሆነ አውቄ እውነቱን ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ኦቦ ቱሉ ሳቁና ጋቢያቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ዘፍ አሉ። ጓደኛቸው አቶ ተክለጻድቅ ደነገጡ፤ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥማ!

«ኦቦ ቱሉ፣ ምን ነካዎት? መልስ ሳንሰማ?»

«ለቃል አልተቀመጥኩም፤ ለገመድ ነው የተቀመጥኩት። ና አንተም!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማየት ነበር! አቶ ተክለጻድቅ ጡረተኛ መምህር ናቸውና በየአፉ ይለያይ አሉ። ቀጭኑ ወደ ሶፋው፣ ወፍራሙ ወደ ጠረጴዛው፣ የቴፕና የዴኩ ወደ ጥግ። የተፈታውን እኔ በመዳፌ እጠቀልላለሁ፤ ወይዘሮ ውቢት ያረጀ ነጠላ እየቀደዱ ወገቡን ያስሩታል። ሦስተኛው ሽማግሌ የካውያ ገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው «ይሄስ የማን ወገን ነው?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ክምሩ እያነሰ ሲሄድ ግን ሳቁም አነሰ። ወይዘሮ ውቢት የቀረውን በዓይናቸው ይቆጥሩ ጀመር።

«አገኘሁት!» አሉ ኦቦ ቱሉ። ሰፊ፣ ጠፍጣፋ አፍ!

ተሰካ። ሁላችንም ቀፎው ላይ ተደፋን። ቀፎው መጀመሪያ ዝም አለ፤ ቆይቶ በራ። ናርዲ ስሞቹን ከላይ እስከ ታች አየች።

«ጎሳዬ የሚል የለም!» አለች።

«አባትሽ ታላቁን በስሙ ጠርቶ ያውቃል?» አሉ እናቷ። «ወንድም ጋሼ ብለሽ ፈልጊ!»

ወንድም ጋሼ አለ! ናርዲ በራሷ ስልክ ደውላ ድምፁን ለሁላችን ከፈተችው። ወይዘሮ ውቢት ነገሩን አስረዱ። አቶ ጎሳዬ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ሳይወጡ አልቀረም፤ በንፋስ ውስጥ ይጮኻሉ።

«የልጁን ቤተሰብ አውቃለሁ፣ ጨዋ ናቸው! ልጅቷስ ምን አለች?»

ለካ ማንም አልጠየቃትም ነበር።

«እኔማ እሺ ካልኩ ቆየሁ አባባ ጎሳዬ!» አለች ናርዲ፣ ክንዷ ላይ የተጠቀለለ ገመድ እንደያዘች። «የምጠብቀው እናንተን ነው!»

«በሉ ታዲያ ምን ታቆሟቸዋላችሁ? አስቀምጧቸው!»

«ተቀምጠናል!» ብለው ጮኹ ኦቦ ቱሉ ከምንጣፉ ላይ። ወይዘሮ ውቢት እልል አሉ።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ገመዶቹ ዛሬም በነጠላ ቁራጭ እንደታሰሩ ኮሪደሩ ላይ በየምስማራቸው ተሰቅለዋል፤ የቸገረው ተማሪ ሁሉ እየመጣ ይወስዳል። ጠፍጣፋውን ግን ወይዘሮ ውቢት ለማንም አያውሱም።