ዝንጉርጉር እህል

በጣሊያን ጊዜ በየቅዳሜው የሚመጣልኝን እህል ሳላማርር የለቀምኩበት ቀን አልነበረም። ስንዴው ከባቄላ፣ ሽምብራው ከማሽላ ተደባልቆ ይመጣል፤ አንዳንዴም ምስር ጣልቃ ይገባበታል። ለወፍጮ አይሆን፣ ለቆሎ አይሆን። "ማኅበራችን ሲቸር እንኳ የጎተራ ጥራጊ ነው የሚሰጠው" እያልኩ ለሁለቱ ሴቶች ልጆቼ አጉረመርማለሁ። እነሱ ከጉዳይም አይቆጥሩኝ፤ ሽምብራውን እየለዩ ይጫወቱበታል። አመሌ ነው። እናቴ ስወለድ ያለቀስኩት እንኳ በቁጣ ነበር ትል ነበር።

ቤታችን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነበር። ባለቤቴን በዚያ ክፉ የካቲት ከደጃችን ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ የምንኖረው ጥጥ እየፈተልኩ ነው፤ ቀኑ ሲከፋ ግን ፈትልም ገዢ ያጣል። ጥሪት ብዬ የምቆጥረው ነገር ቢኖር የልደታ ጽዋ ማኅበርን ነበር። አሥራ ሁለት ሴቶች ነበርን። በደጉ ጊዜ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ባለተራዋ ቤት እንሰበሰባለን፣ ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፣ ለነዳያንም ይተርፋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ የአንዳችን ችግር ለአሥራ ሁለታችን ቀላል ነበር። ጣሊያን ከገባ በኋላ ግን አራት ሰው አንድ ቤት ሲገባ ከታየ ባንዳ ይጠቁማል። ስለዚህ ጽዋው ብቻውን በነጠላ ተሸፍኖ ከቤት ቤት ይዞር ጀመር። ባለተራዋም የአቅሟን ጋግራ ደጀ ሰላም ላሉት ነዳያን ትዘክራለች።

መሪያችን፣ እኛ ሙሴ የምንላቸው፣ አንዲት ባልቴት ነበሩ። አብነት ሰፈር ዘመድ ቤት ተጠግተዋል ሲባል ሰምቻለሁ እንጂ ቤታቸውን አላየሁም። እህሉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የሚያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። "ከማን ነው?" ስላቸው "ማኅበሩ ነው" ይላሉ። ከዚያ ሌላ ወሬ የላቸውም።

በዚያ ዘመን ከሞት ይልቅ የምፈራው ደጀ ሰላሙ ላይ ተደርድረው ከሚለምኑት አንዷ መሆንን ነበር። የሰው ፊት ይገርፋል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ልደታ ስሄድ እንኳ እነሱ በማይቀመጡበት በር ነበር የምገባው። ዓይኔ ካያቸው እግሬ የሚከተል ይመስለኝ ነበር።

ተራው እኔ ላይ ደረሰ፤ ያውም ለዓመታዊው፣ ለግንቦት ልደታ። ቤቴ ውስጥ ለአንድ ዳቦ የሚበቃ ዱቄት የለም። ሙሴዋ እንደ ልማዳቸው ቅዳሜ ሲመጡ ጽዋውን እንደተጠቀለለ አቀረብኩላቸው።

"ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ተራዬን ለሌላ ይስጡልኝ። ማኅበሩንም ትቻለሁ። የማትዘክር ማኅበርተኛ ምን ታደርግላችኋለች?"

"ጽዋ ወደፊት ይሄዳል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም፣ ልጄ። ደግሞስ እመቤቴ መቼ ዳቦ ካላመጣሽ አለችሽ? የግንቦት ልደታ ወጉ ንፍሮ ነው። ቀቅለሽ ነይ።"

"በምን እህል? በዚህ በዝንጉርጉሩ?"

ቋጠሯቸውን እየፈቱ ፈገግ አሉ። "ንፍሮማ ካልተደባለቀ ምኑን ንፍሮ ሆነ" አሉኝ።

ተናድጄ ሳልለቅመው ቀቀልኩት። ልጆቼ ሳምንቱን ሙሉ የሚበሉት እህል ነበር።

በበዓሉ ጠዋት ያን የምሸሸውን በር እያየሁ ሄድኩ። ከሰልፉ መጀመሪያ የተቀመጡት አንድ ዓይነ ስውር አባት ናቸው፤ አንድ እፍኝ ሰጠኋቸው። ቀጥላ የተዘረጋችው እጅ አንጓዋ ላይ የመስቀል ንቅሳት ነበረባት። ያንን ንቅሳት በየቅዳሜው ቋጠሮ ሲፈታ አይቼዋለሁ። ሙሴዋ ነበሩ፤ እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል። ጭናቸው ላይ በዘረጉት ነጠላ አላፊ አግዳሚው የጣለላቸው ጥሬ ተጠራቅሟል፤ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ማሽላ።

"እመይቴ፣ እኔ እንዳላፍር ብለው ነው እዚህ የተቀመጡት?" አልኳቸው። ጥሬውን እያየሁ እንኳ አልገባኝም።

የመለሱልኝ ዓይነ ስውሩ ናቸው። "ቦታቸው ነው እንጂ። ቤታቸው ከተቃጠለ ጀምሮ ጎረቤቴ ናቸው። ቁራሹን ይበላሉ፣ ጥሬውን ግን አይነኩም። ልጆች ላሏት ነው ይላሉ።"

"እርስዎ ደግሞ አፍዎ አያርፍም" ብለው ተቆጧቸው ሙሴዋ።

እግራቸው ሥር ተንበርክኬ አለቀስኩ። እኔ የጎተራ ጥራጊ እያልኩ የማማው እህል እሳቸው የሰው ፊት እየገረፋቸው በእፍኝ በእፍኝ የለመኑት ኖሯል። ሌሎቹ ማኅበርተኞችም ከተራቸው ዝክር አልፈው የሚያዋጡት እህል እንዳልነበራቸው በኋላ ሰማሁ። ያን ሁሉ ወር ማኅበሩ ማለት እኚህ ሴትዮ ብቻ ነበሩ። ልጆቼ ያደጉት በዚያ እህል ነው፤ ዛሬም ስማቸውን ሳላነሳ ቆርሼ አልበላም።

እሳቸው ግን ለቅሶዬን አልወደዱትም። ንፍሮዬን ቀመስ አደረጉና "ሽምብራው በስሏል፣ ባቄላው ገና ይቀረዋል። ሌላ ጊዜ ቀድመሽ ዘፍዝፊው" አሉኝ። ልሄድ ስነሳ ነጠላዬን ያዙ። "የት ትሄጃለሽ? ግንቦት ልደታ ደጅ ነው የሚበላው። ቁጭ በይ።"

ቁጭ አልኩ። በሁለቱ መካከል ሆኜ ከራሴ ንፍሮ በላሁ። ያን ያህል የፈራሁት መሬት ፀሐይ ሲያርፍበት ሞቅ ያለ ነበር። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሴት ከቅዳሴ ስትወጣ እንደነሱ ቆጥራኝ አንድ እፍኝ ስንዴ ጭኔ ላይ ጣለችልኝ። በሌላ ቀን ቢሆን እበትነው ነበር። "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩና በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት፤ ፈትቼም ሙሴዋ ጭን ላይ አፈሰስኩላቸው።

"ከማን ነው?" አሉኝ።

"ማኅበሩ ነው" አልኳቸው።