አባዬ የጻፈበት ሰሌዳ

አዳማ ያለው አሮጌው ትምህርት ቤታችን ሊፈርስ ነው ሲባል ከጮኹት አንዷ እኔ ነኝ። ከቢሮ ቢሮ ስመላለስ "ይቺ ሴትዮ ደግሞ መጣች" ይሉኝ ነበር። ይበሉኝ። በመጨረሻ ግንቡ ሳይነካ ቤተ መጻሕፍት ይሁን ተባለ።

አባዬ እዚያ አምስተኛ ክፍል ያስተምር ነበር። አንድ ዓርብ አስተምሮ ገባ፤ እሑድ ሞተ። በዚያው ሰሞን ተማሪዎቹ ወደ አዲሱ ሕንፃ ተዛወሩና ክፍሉ የተሰባበረ ዴስክ ማጎሪያ ሆኖ ቀረ። ዘንድሮ ዴስኩ ሲወጣ የግድግዳው ሰሌዳ እንደነበረ ተገኘ። የአባዬ ጽሕፈት! "የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች" ይልና ከሥሩ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ፎቶ እንኳ አላነሳሁትም፤ የት ይሄዳል ብዬ።

እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ ዓይኗንም ሞራ ጋርዶታል። ስነግራት ለምረቃው ውሰጂኝ፣ እጄን አስነክተሽ ታነቢልኛለሽ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ቀን መቁጠር ሆነ ሥራዋ።

የምረቃው ዋዜማ ላይ፣ እዚያው አባዬ ጋ አብረውኝ የተማሩት ክፍሉን ሊያጸዱ መጡ። ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ በምረቃው ላስደንቃቸው ፈልጌ። "አባዬ እንደሚወደው አድርጋችሁ ጠብቁኝ" ብዬ ወንበር ልከራይ ሄድኩ። ምላሴን በቆረጠው! አባዬ የሚወደውን ማን ያጣዋል? በኛ ጊዜ ሰሌዳ ሲነጣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብረን፣ ከሰሉን ከቅጠል ጋር ወቅጠን እናጠቁረው ነበር። ካልጠቆረ አባዬ ጠመኔ አያነሳም።

በማግስቱ እማዬን ደግፌ ስገባ ሰሌዳው ጥቁር ብሎ፣ ገና በቅጡ ሳይደርቅ ጠበቀኝ። የአባዬ ጽሕፈት የለም። ያኔ የክፍል አለቃችን የነበረው፣ ዛሬ ሽበት የወረሰው ሰውዬ፣ የጠቆሩ መዳፎቹን ዘርግቶ "ጋሼ ቢያዩት ደስ አይላቸውም?" አለኝ። ልጮኽበት አፌን ከፈትኩ። ግን ምን ልበለው? ያልኩትን ነው ያደረጉት። ደስ ይለዋል አልኩት።

እማዬ የቱ ጋ ነው አለችኝ። እጇን ይዤ ባዶው ሰሌዳ ላይ አስቀመጥኩት።

"በይ አንብቢልኝ።"

"ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ።"

ጎንበስ ብላ እንደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ተሳለመችው። ቀና ስትል ከንፈሯ ጠቁሯል። በነጠላዬ ጫፍ ልጠርግላት ጀመርኩ።

"ምንድን ነው የምትጠርጊው?"

"ጠመኔ ነው፣ የአባዬ ጠመኔ" አልኳት።

"እንግዲያው ተይው፤ አትጥረጊብኝ" አለችኝ።