የሰሃላዋ መበለት በእኛ ፕሮግራም

ሀብታሙ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ፕሮግራመር። አቶ ካሳ፣ የሰቆጣው የእህል እደላ ቢሮ ኃላፊያችን። ዝናሽ፣ ባሏ የሞተባት የሰሃላ ገበሬ። አለሚቱ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ልጇ። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ፕሮግራም መጻፍን ከመጽሐፍ ብቻ የተማርሁ የቢሮው ረዳት።

ትናንት ልጄ ላፕቶፑን ይዞ መጣና፣ «አባዬ፣ አዲሱ ክላስ ከበላዩ ያለውን ሁሉ ይወርሳል፤ እኔ ልዩነቱን ብቻ ነው የምጽፈው» አለኝ። ክላስ የሚሉት በፕሮግራም ውስጥ አንድ ዓይነት ነገር የሚመደብበትን ምድብ ነው። «ስሕተቱንስ?» አልሁት። ሳቀ። እነዚያ ሰዎች ትዝ ያሉኝ ያን ጊዜ ነው።

በዘጠናዎቹ ማብቂያ ነበር። ዝናቡ በነሐሴ ተቋርጦ ማሽላው ሳያፈራ ደረቀ። ሰቆጣ ገበያ ላይ በለስ እንጂ እህል አይታይም።

ሀብታሙ ለእደላው በሠራው ፕሮግራም ውስጥ «አባወራ» እና «ሚስት» የሚሉ ክላሶች ነበሩ። ሚስት ድርሻዋን የምታገኘው በባሏ በኩል ነው። የመበለቶች ነገር ሲመጣ አቶ ካሳን ጠየቃቸው። በእኛ አገር መዝገብ ሴት ባሏ ቢሞትም የእገሌ ሚስት ተብላ ነው የምትጻፈው፤ እሳቸውም እንዲሁ ነገሩት። እሱም «መበለት»ን ከ«ሚስት» ሥር አስገባት። የሟቹ ስም ሲዘጋ የመበለቷ ድርሻ ዜሮ ሆነ።

መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። መበለት ከአባወራ ጎን ራሷን ችላ መቆም አለባት ብዬ ለሀብታሙ ነገርሁት። ወዲያው ገባው።

«ልክ ነህ። ግን አሁን ከነካሁት ምዝገባው ሁሉ ይናጋል። ለሚቀጥለው ዙር አስተካክለዋለሁ።»

አቶ ካሳም ዝርዝሩ ወደ ላይ ተልኳል ብለው ፈረሙበት። እኔም ነገሩን ሳልደግም ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

ዝናሽ ከሰሃላ በእግሯ መጣች። አማርኛዋ ጥቂት ስለነበር በኽምጥኛ አስተረጎምሁላት። ሀብታሙ ስክሪኑን አይቶ፣ በዚህ ስም ባል የለም አላት።

«አውቃለሁ። የቀበርሁት እኔ ነኝ» አለች።

ሰልፈኛው ሳቀ። ሀብታሙም ሳቅ እያለ፣ «እንግዲህ ማሽኑ ወንድ ካላገኘበት ቤትሽን አይከፍተውም። ባል ፈልጊ፣ እናቴ» አላት። ይችን አማርኛ ሳልተረጉምላት ገባቻት። እሷ አልሳቀችም።

ለእሷ የሚሆን ባል አልተገኘም። ለአለሚቱ ግን ተገኘ። ዝናሽ ጥቂት ሳምንት ቆይታ ከልጇ ጋር ስትመለስ፣ የአለሚቱ ባል የሆነ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር። የዝናሽ ቤት አባወራ ተብሎ ተመዘገበ፤ ፕሮግራሙም ያለ ምንም ጥያቄ ተቀበለው። ስንዴው በሰውየው ስም ወጣ። አለሚቱ የአህያውን ገመድ ይዛ ቆማለች።

«ትምህርትስ?» አልኋት በኽምጥኛ።

«እናቴ ትብላ» አለች።

በሚቀጥለው ዙር ሀብታሙ «መበለት»ን ከ«ሚስት» አውጥቶ ለብቻዋ አቆማት። ከምሳ በፊት ጨረሰ። አለሚቱ በዓመቱ ምጥ ጸናባትና በቃሬዛ ወደ ሰቆጣ ሲያመጧት መንገድ ላይ ሞተች። ወሬውን የነገረችኝ ዝናሽ ናት፤ በራሷ ስም ስንዴ ልትወስድ መጥታ።

ይህን ለልጄ ነገርሁት። አልመከርሁትም ልል አልችልም፤ ከበላይህ የመጣውን ሳትመረምር ከበታችህ ላለው አታውርስ አልሁት። ማሽን ጭካኔን አይፈጥርም፤ የሰጡትን ያደርሳል። ከየሰው የወጣውን ሒሳብም ደመርሁለት፤ ከሀብታሙ ግማሽ ቀን፣ ከአቶ ካሳ አንድ ፊርማ፣ ከእኔ አንዴ ተናግሬ የተውሁት ቃል፣ ከዝናሽ ልጇ፣ ከአለሚቱ የነበራት ሁሉ።