ዳማ ብረቱን የጣለ ጊዜ

መስከረም ጠብቷል እንጂ ዝናቡ ገና አልለቀቀንም ነበር። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል ይወርድና የካን ያለብሰዋል፤ እስኪገፈፍ ድረስ ጎረቤትህን የምትለየው በድምፁ ነው። ይሄ ዛሬ የምታዩት ባሕር ዛፍ ያኔ የለም። ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፤ ከሥሩ ደግሞ ሰው የሚውጥ ቁጥቋጦ። ነብር እንደ ልቡ የሚኖርበት አገር ነበር።

እናንተ ልጆች የፈረሱን የብረት ጫማ ዛሬ አስነቅላችሁ «ነገ በባዶ እግሩ ለድኩላ እንወጣለን» ስትሉ ሰምቼ ነው ያስቀመጥኳችሁ። አትቁነጥነጡ፣ ስሙኝማ።

እኔና ጉደታ ነበርን። ጉደታ የባለቤቴ የጫልቱ ወንድም ነው፤ የካ ግርጌ ከሚኖሩ ፈረሰኞች ቤት። እኔን «ሶዳ» ይለኛል፣ በቋንቋቸው አማቼ ማለቱ ነው። ሲስቅ ሸለቆው ይመልስለታል። እንዲያ የሚስቅ ሰው ደግሞ ለአደን አይመችም፤ ስንቴ ነግሬው ነበር!

ነብሩ በክረምት ፍየል ሲወስድ ዝም አልነው። ጥጃ ሲወስድ ተማረርን። መስከረም ላይ ግን ጎረቤታችንን ከምንጩ ላይ ጣላት፤ የካ ሚካኤል ቀበርናት። ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ ውሃ መቅዳት ፈሩ። ጠመንጃ ያለውም፣ ደህና ፈረስ ያለውም ከጌታው ጋር ዘምቷል። እኔን ንዳድ ጥሎኝ ገና ማገገሜ ነው፤ ጉደታን ለከብቱ ጥበቃ አስቀርተውታል። ያለን ጦርና ጋሻ፣ የጉደታ አሮጊት ባዝራ፣ ደግሞ ዳማ ነበር።

ዳማ አባቴ ከባሕር በር ከመጣ ነጋዴ በሁለት በቅሎ የለወጠው ፈረስ ነው። ከውርንጭላነቱ የብረት ጫማ ለምዷል፤ ነጋዴው በመጣ ቁጥር ያድስለት ነበር። በኛ አገር ያኔ ማን ፈረስ ያጫማል? እኛ ራሳችን መች ተጫማን! ድንጋይ ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ያየው ነበር። ክረምት ላይ አንዱ ብረት ጭቃ ውስጥ ቀረ። ሲያነክስ ያዩት ዘማቾች ትተውት ሄዱ። ብረት የሚመታለት ባለሙያ ስላልነበረን የቀሩትንም ለአደን ልንወጣ ዋዜማ የመንደሩ ማረሻ ቀጥቃጭ በጉጠት ነቀላቸው።

ጉደታ ሰኮናውን መታ መታ አደረገና «የኛ ፈረሶች ብረት አይተው ያውቃሉ? ሰኮና ሰኮና ነው!» አለ። ማን ይከራከረዋል? ብረት የማያውቅ አገር ሰው ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚለው። ድንጋይ እየረገጠ ያደገ እግርና ተጫምቶ ያደገ እግር አንድ ይመስለን ነበር።

በማግስቱ ስንነሳ ጫልቱ ደጃፉ ላይ ልጓሜን ያዘች። «ነብሩ ቢቀር ይቅር። ወንድሜን ግን በሕይወቱ መልስልኝ፤ ከእናቴ ልጆች የቀረኝ እሱ ብቻ ነው» አለችኝ።

«ይዤው እመለሳለሁ» አልኳት። የተናገርኩት ይኸው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

ፈለጉን ምንጩ ዳር ጭቃው ላይ አገኘነው። ጥፍር የማይታይበት ክብ መዳፍ፣ ውሃ ገና ያልሞላው። ውሃ ካልሞላው ነብሩ ሩቅ አይደለም፣ ይህን ያዙ። ፈለጉ ሽቅብ ወደ ጥዱ ይወጣል። ሣር ላይ እስካለን ዳማ ደህና ነበር። ጠጠሩ ላይ ስንደርስ ግን ረመጥ እንደረገጠ ሰው እግሩን ይሰበስብ ጀመር። ወርጄ ሰኮናውን አነሳሁና መዳፌን ከሥሩ አሳረፍኩ፤ ይግላል። ሚስማሩ የነበረበት ጠርዝ ተሸራርፏል። አንጀቴን በላኝ። እየሳብኩት በእግሬ መሄድ ጀመርኩ።

ጉደታ ከባዝራው ላይ ሆኖ ሳቀብኝ። «ሙሽራይቱን ይዘህ ቀስ ብለህ ና፣ ሶዳ! እኔ ቀድሜ ፈለጉን ልይ።»

«ቆይ እንጂ! ለየብቻ አይሆንም!»

መች ሰማኝ! በታች በኩል ባለው መሻገሪያ ወንዙን ተሻግሮ ከማዶ ብቅ አለ። እኔንና እሱን የለየን ያ ገበታ ድንጋይ ነው፤ ታውቁታላችሁ፣ ውሃው ተዘርግቶበት ይፈስና ገደል የሚገባበት። በመስከረም ከጉልበት ይደርሳል፣ እግረኛን ጠራርጎ ይወስዳል። ዳማ ብረት ሳለው እዚያ ላይ ተንሸራቶ ለጥቂት ነው የተረፍነው። ከዚያ ወዲህ አጠገቡም አይደርስም።

ነብሩ ከወይራው ላይ ወረደ። ሲዘል አላየሁትም፤ ባዝራይቱ ስትጮኽ ቀና ስል ወገቧ ላይ ነበር። ጉደታን ጥላ ነጎደች። ጦሩ ከእጁ ወጥቶ ሩቅ ወደቀ። ነብሩ ዞሮ ጋሻው ላይ ወጣበት፣ ቀኝ ክንዱን በጥርሱ ያዘው።

«ሶዳ!» አለ። አንዴ ብቻ ነው የተጣራው።

በታች ዞሬ ልሂድ ብል መንገዱ ሁሉ ጠጠር ነው፤ በዚያ እግር ስንደርስ የምናገኘው ሬሳውን ነው። ጫልቱ ደጃፉ ላይ ቆማ ታየችኝ። «ያለ ጉደታማ ቤት አልገባም!» አልኩና ዳማ ላይ ወጣሁ። ወደ ገበታው ድንጋይ አዞርኩት። አሻፈረኝ አለ፤ ሁለመናው ይንቀጠቀጣል። አንገቱ ላይ ተደፍቼ «ዳማ፣ ዛሬ እኮ ብረት የለብህም። እንደኔ ባዶ እግርህን ነህ። ግባ!» አልኩት። በተረከዜ መታሁት።

ገባ። የማውቀው ቀጭታ የለም፤ የሚሰማኝ የውሃው ድምፅ ብቻ ነው። በብረት የሚያሟልጨውን ድንጋይ ያ የቆሰለ ሰኮናው ቆንጥጦ ያዘው! አንዱን እግር አስቀምጦ፣ አጽንቶ፣ ከዚያ ሌላውን። ውሃው ወደ ገደሉ ይገፋዋል፣ እሱ ወደ ማዶ ይገፋል። መካከል ላይ የኋላ እግሩ ከዳው። አልቆልናል ስል ፍየል ይመስል ቆንጥጦ ቀና አለ። ሚካኤል ያውቃል፣ ልጓሙን አልነካሁበትም። መንገዱን ከኔ ይልቅ እግሩ ያውቅ ነበር።

ከማዶ እስከ ጉደታ ያለው ጠጠር ነው። ዳማ እንደ ጠዋቱ አልተሰበሰበም፤ ጋለበው። በረገጠበት ሁሉ ደም እንደነበረ ያየነው ስንመለስ ነው።

ነብሩ ጉደታን ለቆ ወደ ዳማ አንገት ተወረወረ። ጦሬን ከብብቱ ሥር ሰደድኩበት፤ ዘንጉ ተሰበረ። ጉልበቴ ላይ በጥፍሩ ተንጠልጥሎ ጎትቶ ጣለኝ፤ ይኸው ጠባሳው። ትንፋሹ ፊቴ ላይ ነበር። ድንገት ከላዬ ከበደኝና ዝም አለ። ጉደታ በዚያ በደህናው በግራ እጁ ጩቤውን አንገቱ ውስጥ ቀብሮታል።

«አሁን ደግሞ አንተ እኔን ቀስ ብለህ ና በለኝ!» አለ፤ ከዚያ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ክንዱን በኩታዬ አሰርኩለትና «ዳማ ላይ ውጣ» ብለው እምቢ አለ። «እግሩ እየደማ እኔ አልቀመጥበትም።» ሦስታችንም እያነከስን ወረድን። ጫልቱ ከሩቅ አይታን ሮጣ መጣች። «ማነው የተጎዳው?» አለች። ጉደታ «ሦስታችንም፤ ግን ሦስታችንም መጥተናል» አላት። ወንድሟን ጨብጣ ያዘችና እኔን በዓይኗ ብቻ አየችኝ። በቂዬ ነበር።

በወጋችን ግዳዩ ቀድሞ ለወጋ ነው። ሽማግሌዎቹ ቆዳውን ለኔ ሲሰጡኝ ጉደታ ተነስቶ «ቀድሞ የደረሰልኝ ዳማ ነው» አለ። እኔም ቆዳውን ዳማ ጀርባ ላይ ጣልኩት። አባ ዳማ የሚባለው የፈረስ ስሜ የወጣልኝ ያን ቀን ነው።

ጉደታ በዚያች በደህናዋ እጁ በየቀኑ ሰኮናውን ያጥብለት ነበር። ሰኮና ከላይ ወደ ታች ነው የሚያድገው። መጀመሪያ ሣር ላይ ብቻ አዋልነው፣ ከዚያ ደረቅ አፈር፣ ከዚያ ጥቂት ጥቂት ጠጠር። የሚስማሩ ቀዳዳዎች ወደ ታች ወርደው ወርደው ተሸርፈው ጠፉ። ሌላ መስከረም ሲመጣ ያ ነጋዴ ብረትና መዶሻ ይዞ «ላጫማላችሁ» ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ጫልቱ ናት የመለሰችለት። «ወንድሜን ያመጣልኝ ባዶ እግሩ ነው። ብረትህን ይዘህ ሂድ» አለችው።

እኔም ብረት መጥፎ ነው አላልኳችሁ፤ ባዶ እግርም ጥሩ ነው አላልኩም። ጠጠሩ ላይ ሊያስገድለን የነበረ እግር ድንጋዩ ላይ አዳነን። ምን ዓይነት እግር ላይ እንደተቀመጥክ ሳታውቅ አትውጣ ነው የምለው። ከዚያ ቀን ወዲህ መዳፌን ከሰኮናው ሥር ሳላሳርፍ ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም።

በሉ ተነሱ፣ ያንን ፈረስ አምጡልኝና እግሩን አንሱልኝ። ዓይኔ ቢደክምም መዳፌ አልደከመም። ከጋለ ግን ነገ የትም አትወጡም፤ እናንተም እናት አላችሁ።